የጽሑፍ ስርቆት በተማሪዎች ሥራ

የጽሑፍ ስርቆት ወይም ፕላጂያሪዝም ማለት የሌላን ሰው ቃል፣ ሐሳብ፣ የጥናት ውጤት፣ ሠንጠረዥ ወይም የክርክር አካሄድ ምንጩን ሳይጠቅሱ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። በትምህርት ዓለም ጉዳዩ በአብዛኛው የሚነሣው በአሳይመንት፣ በቴርም ፔፐርና በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው። ድርጊቱ ሆን ተብሎም ባለማወቅም ሊፈጸም ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱንም እንደ ጥፋት ቢቆጥሩም በቅጣቱ ክብደት ይለያዩአቸዋል፤ ቅጣቱ ሥራውን እንደገና ከማሠራት ይጀምርና ዲግሪን እስከ መንጠቅ ይደርሳል።

የጽሑፍ ስርቆት ከፈተና ኩረጃ ጋር ቢዛመድም ከእርሱ የተለየ ነው። በፈተና ሰዓት ከጎረቤቱ ወረቀት የሚገለብጥ ተማሪ የተከለከለ ነገር እያደረገ መሆኑን ያውቃል። በጽሑፍ ሥራ ግን ከሌሎች መውሰድ በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ እንዲያውም ይፈለጋል። ከእርሱ በፊት የተጻፉትን የማያነሣ ጥናታዊ ጽሑፍ በፈታኞች ዘንድ ዋጋ የለውም። ጥፋቱ የሚመጣው የተወሰደው ነገር ከየት እንደመጣ ሲደበቅ ወይም ሳይነገር ሲቀር ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው።

የቃሉ አመጣጥ

«ፕላጂያሪዝም» የሚለው ቃል መነሻው የላቲኑ «ፕላጊያሪዩስ» ሲሆን ትርጉሙ ሰው ጠላፊ ወይም የሌላውን ባሪያ ሰርቆ የሚወስድ ማለት ነበር። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጽሑፍ ያዋለው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ባለቅኔ ማርቲያሊስ እንደሆነ ይነገራል። ማርቲያሊስ ግጥሞቹን የራሱ አድርጎ የሚያነብን ሰው ሲነቅፍ ግጥሞቹን ነጻ ካወጣቸው ባሪያዎች ጋር አመሳሰላቸው፤ ሰውየውንም ነጻ የወጡትን ዳግመኛ የጠለፈ ሌባ አደረገው። ወደ እንግሊዝኛ ቃሉን ያስገባው ደግሞ ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1601 ነው።

በኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል

በብራና ዘመን መገልበጥ የተከበረ ሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊ አንድን መጽሐፍ ከጥንቱ ቅጂ ሳያዛንፍ መገልበጡ ያስመሰግነው ነበር፤ የራሱን ቃል ቢጨምርበት ግን ጥፋት ነበር። ሆኖም ጸሐፊው መጽሐፉን ደረስሁት አይልም። በብዙ ብራናዎች መጨረሻ ላይ የሚገኘው ማስታወሻ ያስጻፈውን ሰው ስምና የጻፈውን ሰው ስም ለይቶ ያስቀምጣል። በአንድምታ ትርጓሜ ትምህርትም «የላይ ቤት» እና «የታች ቤት» እየተባለ ሐሳቡ የየትኛው ወገን መምህራን እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ይህ ዛሬ ምንጭ መጥቀስ ከሚባለው ብዙም የራቀ አይደለም።

የቅኔ ቤት ልማድ ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል። የቅኔ ተማሪ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ማቅረብ አለበት፤ ሌላው የተቀኘውን እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ እንደ አዲስ አይቀርብም። የሚገርመው ግን ቅኔን ያለ ድካም ማፍለቅ «መዝረፍ» መባሉ ነው፤ «ቅኔ ዘረፈ» የሚባለው ሰው ከማንም አልወሰደም፣ ከራሱ አፍልቆ እንጂ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሌላ ልማድ ይዞ መጣ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋል፣ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፣ በፈተና ጊዜም ያንኑ ቃል በቃል ይመልሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በትክክል መገልበጥ እንደ ትጋት ሲቆጠርለት የኖረ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያው ትጋቱ ስርቆት ይባልበታል። በዚህ መካከል ልዩነቱን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። የምርምር ዘዴ ኮርስ የሚሰጠውም በአመዛኙ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ ተማሪው እስከዚያ ድረስ ብዙ አሳይመንቶችን ጽፎ ጨርሷል።

ዓይነቶች

በጣም ግልጽ የሆነው ቃል በቃል መገልበጥ ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት አንድን አንቀጽ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ወስዶ ማስገባት ማለት ሲሆን ለመለየትም ቀላል ነው። በአንድ ገጽ ላይ የፊደሉ ዓይነት ወይም መጠኑ ድንገት ሲለወጥ፣ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው ቃላት ሲቀሩ፣ ወይም በስህተት የተሞላው እንግሊዝኛ በድንገት ሲጠራ መምህሩ ያለ ምንም ሶፍትዌር ይነቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው ቃላትን በተመሳሳይ ቃላት እየተኩ የዓረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ ማስቀረት ነው። አሜሪካዊቷ የጽሑፍ መምህርት ርብቃ ሙር ሃዋርድ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ «ፓችራይቲንግ» የሚል ስም ሰጥታዋለች፤ በአማርኛ ጥገና ጽሑፍ ሊባል ይችላል። እርሷ ይህን እንደ ስርቆት ብቻ ማየት አይገባም ባይ ናት። አዲስ የሙያ መስክ ወይም አዲስ ቋንቋ የሚለማመድ ሰው ያነበበውን ገና በራሱ ቃል ሊለው ስለማይችል የሌላውን ዓረፍተ ነገር እየተደገፈ ይሄዳል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ አስተያየት ትልቅ ትርጉም አለው። ሐሳቡን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ቢጠየቅ በሚገባ የሚያስረዳ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የደራሲውን ቃል የሙጥኝ የሚለው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። ቢሆንም የተቋማት ደንብ ምክንያቱን ሳይሆን የቀረበውን ጽሑፍ ነው የሚመዝነው።

በትርጉም መስረቅ ሌላው ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ወይም በአማርኛ የታተመን ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ እንደ ራስ ሥራ ማቅረብ ማለት ነው። «ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ይሰማል። የተርጓሚው ድካም እውነት ቢሆንም ሐሳቡና ቅደም ተከተሉ የመጀመሪያው ጸሐፊ ነው። ይህ ዓይነት በአማርኛ ለሚጻፉ ሥራዎች አደገኛ የሚሆነው ቃላትን ብቻ የሚያነጻጽሩ መፈተሻዎች ቋንቋ ሲለወጥ በቀላሉ ስለማያገኙት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደረስበት ሁለቱንም ጽሑፎች ያነበበ ፈታኝ ሲያጋጥም ነው።

ለአንድ ኮርስ የቀረበን ሥራ ሳያስታውቁ ለሌላ ኮርስ ማቅረብ ራስን መቅዳት ይባላል። ከራስ መስረቅ እንዴት ይቻላል የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ ጥፋት የሚያደርገው ግን አንዱ ድካም ሁለት ጊዜ ውጤት መቀበሉ ነው። መምህሩን አስቀድሞ ማስፈቀድ ችግሩን ያስቀረዋል።

ሌላ ሰው ማስጻፍ ከሁሉም ከባዱ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በአጥር ላይ የሚለጠፉ፣ በቴሌግራም ቻናሎችም የሚሠራጩ «ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። አንዳንዶቹ እንደ ቃላቸው ስታቲስቲክስ የሚያሠሩና ቋንቋ የሚያርሙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከፕሮፖዛል እስከ መደምደሚያ ጽፈው የሚያስረክቡ ናቸው። ድንበሩ የት እንደሆነ የሚለካው ተማሪው በመከላከያው ቀን ስለ ሥራው ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። ቋንቋ ማሳረም፣ ማስተየብ፣ የትንተና ሶፍትዌር አጠቃቀም መማር በብዙ ቦታ የሚፈቀድ ነው፤ በምስጋና ገጽ ላይ መግለጹም ተገቢ ነው። ሐሳቡን፣ ትንተናውንና ጽሑፉን ሌላ ሰው ከሠራው ግን በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ሐሰት ነው። የጻፈው ሰው ተስማምቶና ገንዘብ ተቀብሎ መሆኑ ጉዳዩን አይለውጠውም፤ የተታለለው ዲግሪውን የሚያምነው ቀጣሪና ሕዝብ ነውና። በዚህ ገበያ ውስጥ አንድን ሥራ ስሙን እየቀያየሩ ለብዙ ተማሪ መሸጥ ስለሚያጋጥም ገዢው ራሱ ሳያውቅ የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

በቡድን ሥራ አንድ ተማሪ ጽፎ የአምስት ሰው ስም መስፈሩም ከዚሁ ጋር ይመደባል፤ ምንም እንኳ ልማዱ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ብዙዎች እንደ ጥፋት ባይቆጥሩትም።

ያላነበቡትን ምንጭ ያነበቡ አስመስሎ መጥቀስ ብዙም የማይወራለት ጥፋት ነው። ተማሪው አንድን መጽሐፍ ሲያነብ በውስጡ የተጠቀሰ ሌላ መጽሐፍ ያገኛል፤ ያንን ሁለተኛ መጽሐፍ ሳያየው በዋቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። የመጀመሪያው ጸሐፊ የገጽ ቁጥር ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል፤ ፈታኞችም ነገሩን የሚይዙት አንዳንድ ጊዜ በዚሁ በተወረሰ ስህተት ነው። ትክክለኛው አሠራር «እገሌ እንደጠቀሰው» ብሎ ያነበቡትን መጽሐፍ መጥቀስ ነው።

ምሳሌ

ልዩነቱን ለማሳየት ለማብራሪያ ብቻ የተዘጋጀ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ምንጭ ይወሰድ፦

«እምቦጭ በሐይቁ ዳርቻ በተስፋፋ ቁጥር ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት ቦታ እየጠበበው፣ ታንኳውን ለማንቀሳቀስ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ እየበዛበት ሄደ።»

አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ፦

«እምቦጭ በሐይቁ ጠርዝ በተዛመተ ቁጥር ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚዘረጋበት ሥፍራ እያነሰው፣ ጀልባውን ለመንዳት የሚያፈሰው ኃይል ደግሞ እየጨመረበት መጣ።»

ቃላቱ ሁሉ ተለውጠዋል ለማለት ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። ሐሳቡ የሚጀምርበት፣ የሚታጠፍበትና የሚያልቅበት ቦታ አልተነካም። በመጨረሻው ላይ የምንጩ ስም ቢጨመር እንኳ አንባቢው አገላለጹ የተማሪው ነው ብሎ ስለሚያምን ጉድለቱ አይጠፋም። ሌላ ተማሪ ደግሞ እንዲህ ቢጽፍ፦

«አረሙ ዓሣ አጥማጆችን በሁለት በኩል እንደጎዳ ጸሐፊው ያስረዳል፤ የማጥመጃ ቦታ አሳጥቷቸዋል፣ ድካማቸውንም ጨምሮባቸዋል (የጸሐፊው ስም፣ ዓመት፣ ገጽ)። ይሁን እንጂ ዓሣውን ተቀብለው ወደ ከተማ የሚያደርሱት ነጋዴዎች ምን እንደደረሰባቸው አያነሣም።»

እዚህ ላይ የምንጩ ሐሳብ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ይታያል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የተማሪው የራሱ አስተያየት መሆኑም ግልጽ ነው። ምንጩን መጥቀስ ለባለቤቱ ክብር ከመስጠት ሌላ የተማሪውን ድርሻ ለይቶ የማሳየት ጥቅም አለው። ምንጭ ያልጠቀሰ ጽሑፍ ውስጥ ተማሪው በእውነት ያፈለቀው ሐሳብ ቢኖር እንኳ ተገልብጦ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል።

ሁሉም ነገር ግን ምንጭ አይጠቀስለትም። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉ፣ ወይም ዓባይ ከጣና ሐይቅ መውጣቱ የሁሉም ዕውቀት ስለሆነ ያለ ዋቢ ይጻፋል። በጦርነቱ ስንት ሰው እንደሞተ ወይም የውጫሌ ውል የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂዎች ልዩነት እንዴት እንደመጣ ሲጻፍ ግን ጸሐፊዎች ስለሚለያዩ የማን አስተያየት እንደሆነ መገለጽ አለበት። ተረትና ምሳሌም ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ ሆኖም ከአንድ የተረትና ምሳሌ መድበል ማብራሪያውን የወሰደ ሰው መድበሉን መጥቀስ ይገባዋል።

ማስታወሻ አያያዝ

ባለማወቅ የሚፈጸሙ ስርቆቶች በብዛት የሚጀምሩት ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት፣ ማስታወሻ ሲያዝ ነው። ተማሪው ከመጽሐፍ ጥሩ የመሰለውን ዓረፍተ ነገር ወደ ደብተሩ ወይም ወደ ስልኩ ይገለብጣል፤ ከየት እንደሆነ አይጽፍም። ከሦስት ወር በኋላ ማስታወሻውን ሲያየው የራሱ ቃል ይሁን የመጽሐፉ አያስታውስም። ስለዚህ የተገለበጠን ነገር ወዲያውኑ በትእምርተ ጥቅስ ማስገባት፣ ከጎኑም የጸሐፊውን ስምና የገጹን ቁጥር መጻፍ፣ የራስን አስተያየት ደግሞ በሌላ ቀለም ወይም በተለየ ምልክት መያዝ ይመከራል። የመጽሐፍ ቤት መጽሐፍ ተመልሶ ላይገኝ ስለሚችል የሽፋኑንና የርእስ ገጹን ፎቶ ማንሣት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ ነው።

በራስ ቃል ለመግለጽ የሚረዳው ቀላሉ መንገድ አንቀጹን ደጋግሞ አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት፣ ከዚያም ሐሳቡን ጉዳዩን ለማያውቅ ጓደኛ እንደሚነግሩ አድርጎ መጻፍ ነው። በሚቀናው ቋንቋ በቃል አስረድቶ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መመለስም ይቻላል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማስረከቢያው ነገ ለሆነ ተማሪ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ስሞችና ዓመተ ምሕረት

የአጠቃቀስ ሥርዓቶች እንደ ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤና ሃርቫርድ ያሉት የተዘጋጁት የቤተሰብ ስም ላለው ማኅበረሰብ ነው። የኢትዮጵያ ስም ግን የራስ ስምና የአባት ስም ነው፤ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ማስፈር ሥራውን ለአባቱ መስጠት ይሆናል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተለመደው «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ በሙሉ መጻፍና በራስ ስም ተራ ማስያዝ ሲሆን ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚያሰፍረው በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ የሚብሰው ዋቢ በሚያዘጋጁ ሶፍትዌሮች ላይ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚለው ስም ሲገባላቸው «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም፣ «ኅሩይ ወልደ»ን የራስ ስም ያደርጉታል። ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል የሚሉት አንዳንድ ስሞች መሆናቸውን ማሽኑ አያውቅም። በዞቴሮ ስሙን በአንድ ሳጥን ብቻ የማስገባት ምርጫ ስላለ ችግሩን በዚያ ማስወገድ ይቻላል። ይህ ጥቃቅን ነገር ቢመስልም አንድ ጸሐፊ በሦስት ዓይነት ስም ከተጠቀሰ አንባቢው ምንጩን ሊያገኘው አይችልም፤ የማይገኝ ምንጭ ደግሞ ካልተጠቀሰ ብዙም አይለይም።

ዓመተ ምሕረቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ 1958 ብሎ ቢያሰፍር መጽሐፉ በእውነት ከታተመበት ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስላል። የታተመበት ወር በማይታወቅበት ጊዜ 1965/66 ብሎ ሁለቱንም ማስፈር የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። በአማርኛ በሚጻፍ ሥራ ደግሞ የውጭ መጻሕፍትን ዓመት «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

መፈተሻ ሶፍትዌሮች

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ተርኒቲን ነው። ሶፍትዌሩ የቀረበውን ጽሑፍ በየቁርጡ ከኢንተርኔት ገጾች፣ ከምርምር መጽሔቶችና ቀደም ብለው ከተረከባቸው የተማሪ ሥራዎች ጋር ያነጻጽርና የመመሳሰሉን መጠን በመቶኛ ያሳያል። አንዳንድ ተቋማት ከዚህ በላይ ከሆነ አንቀበልም የሚሉት ጣሪያ አላቸው።

መቶኛው ግን ፍርድ አይደለም። የሽፋን ገጽ፣ የቃለ መሐላ ቅጽ፣ በትክክል የተጠቀሱ ጥቅሶችና የዋቢ ዝርዝር ሁሉ እንደ ተመሳሳይ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት 25 በመቶ የሚያሳይ ሥራ ንጹሕ፣ 5 በመቶ የሚያሳየው ደግሞ ዋናው ግኝት የተሰረቀበት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚወስን መምህር ተማሪዎቹን የሚያስተምራቸው ማንበብና መጥቀስ ሳይሆን ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ ቃላት መለዋወጥ ነው፤ ያም ጥገና ጽሑፍን ያበረታታል።

በአማርኛ ሥራዎች ላይ ተጨማሪ ችግሮች አሉ። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስላሉ «ሐሳብ»፣ «ሀሳብ» እና «ኀሳብ» ለሰው አንድ ሲሆኑ ፊደል ለፊደል ለሚያነጻጽር ማሽን ሦስት ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታትም ከዚያ በኋላ በቀድሞዎቹ የፊደል ሶፍትዌሮች የተተየቡ ጽሑፎች ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወሩ ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናሉ። ከወረቀት በስካነር የተነሡ የመመረቂያ ጽሑፎችም ለማሽን ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደሉም። ስለዚህ በአማርኛ ዋናው መፈተሻ አሁንም መስኩን የሚያውቅ አማካሪ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ መልኩን ቀይሯል። ማሽን የጻፈው ጽሑፍ ከማንም ቃል በቃል ያልተወሰደ ሊሆን ስለሚችል በመመሳሰል መፈተሻ አይያዝም። ተማሪው ያልጻፈውን እንደጻፈ አድርጎ ማቅረቡ ግን አልቀረም። ብዙ ተቋማት ጉዳዩን ከማስጻፍ ጋር ሲመድቡት አንዳንዶች ተማሪው ለምን እንደተጠቀመበት ከገለጸ ይፈቅዳሉ። ሌላው አደጋ እነዚህ ፕሮግራሞች በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍን ከነጸሐፊውና ከነዓመቱ ፈጥረው መስጠታቸው ነው። እንዲህ ያለ ዋቢ በአንድ ጥናት ውስጥ ከተገኘ የሌላውም ዋቢ እውነትነት ይጠረጠራል።

ማሽን የጻፈውን እንለያለን የሚሉ መሣሪያዎች የራሳቸው ጉዳት አላቸው። ተርኒቲን እንዲህ ያለውን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሆን በዚያው ዓመት ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ዘግቶታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት የእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ የሌላቸው ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ፈትሾ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ናቸው ማለታቸውን አሳይቷል። ምክንያቱም በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚጠቀምባቸው ቃላት ውሱንና የተለመዱ ስለሆኑ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም፣ በሐሰት የመከሰስ ሥጋት ነው። የተከሰሰ ተማሪ ንጽሕናውን ሊያሳይ የሚችለው ረቂቆቹን፣ የእጅ ማስታወሻዎቹን፣ ወይም ጉግል ዶክስን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ላይ የሚቀመጠውን የለውጥ ታሪክ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ ረቂቅን አለመደምሰስ ይበጃል።

በሕግ

የጽሑፍ ስርቆትና የቅጂ መብት ጥሰት የሚገናኙበት ቦታ ቢኖርም ሁለት ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የጸሐፊውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ ጸሐፊው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብትም አለው። ምንጩና የጸሐፊው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ከታተመ ሥራ በመጠኑ መጥቀስን አዋጁ ይፈቅዳል።

ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን አይደለም። የአንድን ተመራማሪ ሐሳብ በራሱ ቃል ጽፎ ስሙን የደበቀ ተማሪ በቅጂ መብት ሕግ ላይጠየቅ ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲው ደንብ ግን ጥፋተኛ ነው። በተቃራኒው የመብት ጊዜው ካለፈበት ጥንታዊ ጽሑፍ መገልበጥ ሕግ አይጥስም፤ ምንጩ ካልተገለጸ ግን የጽሑፍ ስርቆት መሆኑ አይቀርም። አንድን መጽሐፍ ሙሉውን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ የደራሲውን ስም ሽፋኑ ላይ ስላስቀመጠ የጽሑፍ ስርቆት አልፈጸመም፤ የቅጂ መብት ግን ጥሷል።

የታወቁ ጉዳዮች

ሄለን ኬለር በ11 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1891 የጻፈችው «የውርጭ ንጉሥ» የተባለ ተረት ከታተመ በኋላ ማርጋሬት ካንቢ ቀደም ብላ ካሳተመችው ተረት ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ተደረሰበት። ሕፃኗ በትምህርት ቤቷ በመምህራን ጉባኤ ፊት ቀርባ ተጠየቀች። ታሪኩ ከዓመታት በፊት በእጇ ላይ በፊደል ሲነበብላት ሰምታው ምንጩን ረስታ የራሷ መስሏት እንደነበር ይታመናል። ከዚያ በኋላ በምትጽፈው ነገር ሁሉ የራሷ ስለመሆኑ ስትጠራጠር እንደኖረች በግለ ታሪኳ ገልጻለች።

በጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሑፉ ከብዙ ምንጮች ሳይጠቅስ የወሰዳቸው ክፍሎች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተገለጠ በኋላ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ነጠቀው፤ ከቀናት በኋላም ሥልጣኑን ለቀቀ። ገጽ በገጽ የመፈተሹን ሥራ በአብዛኛው የሠሩት በኢንተርኔት የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። የሃንጋሪው ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚት በ1992 ያገኘው የዶክትሬት ዲግሪ ከ20 ዓመት በኋላ በ2012 ሲሰረዝበት እርሱም ከፕሬዚዳንትነት ወርዷል። የጀርመን የትምህርት ሚኒስትር የነበረችው አኔተ ሻቫን ዲግሪዋን ያጣችው ካገኘችው ከ33 ዓመት በኋላ በ2013 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.)።

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ከሌሎች፣ በተለይም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከሦስት ዓመት በፊት ከቀረበ የጃክ ቡዘር ጥናት፣ በበቂ ሳይጠቅስ የወሰዳቸው ክፍሎች እንዳሉት የተረጋገጠው ከሞተ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ነገሩን ያገኙት ወረቀቶቹን ለኅትመት ሲያዘጋጁ የነበሩ ምሁራን ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ያቋቋመው ኮሚቴ በ1991 ስርቆቱን ቢያረጋግጥም ዲግሪው እንዲሰረዝ አልጠየቀም፤ ግኝቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ ቤት ከሚገኘው ቅጂ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ።